የከረሜላው ጫፍ

ጌዶ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ዝርዝር ሲያጣ መልሱን በከረሜላ ነው የሚሰጠው። በቀደም ሳሙና ልገዛ ገብቼ እንደ ልማዱ በላስቲክ የተጠቀለሉ ከረሜላዎች መዳፌ ላይ ጣል አደረገልኝ። አንዱን ልጬ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ይጣፍጣል፤ ሌላ ምንም የለውም። እኔ ግን ከረሜላ በቀመስኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጣዕሙ አይደለም፤ ቅናት ነው። ሰው ሎሚ ሲያይ አፉ ውሃ እንደሚሞላ፣ እኔም ከረሜላ ሳይ ደረቴ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ቁጭ ይላል። ስሙም ሲፈን ይባላል።

ያደግኩት አምቦ ውስጥ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ልታስተምር ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚያው አግብታ የቀረች አስተማሪ ናት። አራት ልጆች ስንሆን እኔ ከመሃል ነኝ። የመሃል ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ይረዳኛል። ታላቁ ይላካል፣ ታናሹ ይታቀፋል፣ የመሃሉ ይቆጠራል። እራት ላይ "ሁሉም አለ?" ሲባል ነው ስሜ የሚነሳው። ማንም አልበደለኝም፤ ግን ማንም ደግሞ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

ከአዳዳ ጌጤ በቀር። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ቤታችን በአማርኛ ቢያወራም እሷን ሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም። በግቢያችን ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። በወጣትነቷ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርታለች፤ ከዚያ ሙያ ሁሉ ይዛ የወጣችው ከረሜላ መሥራት ነው። በየበዓሉ ዋዜማ ትሠራለች፤ አትሸጥም፤ ለእኛና ለሰፈሩ ልጆች ታድላለች።

ስኳር ያኔም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እናቴ ሸማቾች ማኅበር ተሰልፋ ታመጣለች፤ መንገድ የተዘጋጋ ሰሞን ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። አዳዳ ለሻይ ከሚደርሳት ላይ እየቀነሰች በቆርቆሮ ጣሳ ታጠራቅም ነበር። ዋዜማ ሲደርስ ከሰሉን ታያይዝና ስኳሩን ከትንሽ ውሃ፣ ከሎሚ ጭማቂና ከተወቀጠ ዝንጅብል ጋር ትጥደዋለች። መጀመሪያ ሎሚው ይሸታል፤ ቀጥሎ ዝንጅብሉ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ ስኳሩ መቅላት ሲጀምር ደግሞ ሱዚ የሚዘሉት ልጆች ገመዱን ጥለው አጥራችን ላይ ይንጠለጠላሉ። አዳዳ በማንኪያ ጫፍ ትጨልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ጠብታው ደርቆ በጥርስ ሲሉት ቀጭ ካለ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ሰው አይደለም። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ የተገለበጠው ስኳር ትንሽ በረድ ብሎ፣ ግን ገና ትኩስ ሳለ፣ ይነሳና ይጎተታል። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይይዛል። ወደ ኋላ እየሄዱ ይስቡታል፣ እየተጠጉ ያጥፉታል፣ እንደገና ይስቡታል። እንደ ማር የቀላው ስኳር ሲሳብ ሲታጠፍ እየነጣ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ሐር ያበራል። ያን ጊዜ አዳዳ በልብስ ሰፊ መቀስ እየቆራረጠች፣ እንዳይጣበቅ በሶ ዱቄት ላይ ታንከባልለዋለች። ከረሜላ በበሶ የሚያንከባልል ሰው ከእሷ ሌላ አላጋጠመኝም። እስካሁን የተቆላ ገብስ ሲሸተኝ ምላሴ ዝንጅብል ይጠብቃል።

ያኛው ጫፍ የእኔ ነበር። ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም፤ ቁመቴ ለእሷ ወገብ ሲደርስ ጀምሮ ይዤዋለሁ። ወንድሞቼ ለምነው አልተሰጣቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ከከረሜላው መንቀል አቅቶኝ ነበር። "እኔን እዪ ሌንሴ" አለችኝ፤ "ከረሜላውን ተዪው። እሱ የት ይሄዳል?" ከዚያ በኋላ ዓይኗን እያየሁ መሥራት ተማርኩ። ዓይኗ ሰፋ ሲል ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ጠበብ ሲል እጠጋለሁ። ቃል አንለዋወጥም። ስኳሩ እስኪነጣ ድረስ አዳዳ እኔን ብቻ ታያለች። ከረሜላው ለእኔ ትርፍ ነበር። በበዓል ዋዜማ ስንት ሥራ እያላት ያች ሴትዮ ቆማ ዓይኔን ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ ለሌላ ሰው የማላካፍለው ነገር እንዳለኝ አውቅ ነበር።

ሲፈን የመጣችው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአባቴ ወንድም ልጅ ናት፤ ከወንጪ አምቦ ተምራ ሰው እንድትሆን ተላከች። አንድ ከረጢት ቆጮ፣ አንድ የላስቲክ ጫማና ብዙ ዝምታ ይዛ ገባች። አማርኛ እምብዛም አትችልም ነበር። አልጋዬን ተካፈለች፤ ሹራቤን ለበሰች፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀጉራችንን ስትሠራ ከእኔ በፊት ትቀመጥ ጀመር። ይኼን ሁሉ ችዬው ነበር። እንግዳ ናት ብዬ።

የዚያ ዓመት የገና ዋዜማ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ስኳሩ የደረሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው። አዳዳ ቸኮለች። ትሪው ላይ እንደ ወትሮው እስኪበርድ አልጠበቀችም። ጫፌን ያዝኩ፣ ዓይኗን አየሁ፣ አንድ ጊዜ ሳብን፣ ሁለተኛው ላይ መዳፌ እንደ በርበሬ ነደደና ለቀቅኩት። ከረሜላው ከሰሉ አጠገብ አመድ ላይ ወደቀ። ዱካ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሲፈን ብድግ ብላ በባዶ እጇ አነሳችው። ከእናቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ ያደገች ልጅ ናት፤ መዳፏ እንደ ጫማ ሶል ነበር። ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። አዳዳም እኔን "አይዞሽ" እያለች እሷን "ያ ኢንተላ ኮ፣ ያዥልኝ" አለቻት። ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔን ብቻ ነበር እንዲያ የምትለኝ።

ማታ አዳዳ መዳፌን ቅቤ ቀባችኝ፤ ከረሜላም ከማንም አስበልጣ ሰጠችኝ። ለጥምቀት ዋዜማ ግን እጄን ቅቤ ነክሬ ስጠብቃት ሳቅ ብላ፣ "አንቺ አትቃጠዪብኝ፤ ሲፈን ትያዘው" አለች። የሚያንገበግበው ደግሞ በደግነት መሆኑ ነው። ተቆጥታ ብትነጥቀኝ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። ለእኔ አዝና ቀማችኝ፤ ምን ይባላል? እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ቀናሁ። በደንብ አድርጌ ቀናሁ። ሲፈን ስታኝክ ድምፅ ታሰማለች ብዬ ቀናሁ፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ የጠራ ነው ብዬ ቀናሁ፤ አባቴ "ይቺ ልጅ ጠንካራ ናት" ባለ ቁጥር ቀናሁ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረግጣ ከሆነ እኔ ነበርኩ ቀድሜ የማየው። ቴሌቪዥን ላይ አማርኛ የሚናገሩት ቱርኮች አንዷ በሌላዋ ስትመቀኝ ቤተሰቡ ሁሉ ክፉዋን ይራገማል፤ እኔ በሆዴ የክፉዋ ወገን ነበርኩ።

እጄን ለማጠንከርም ሞከርኩ። ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ይዤ እስክችል ድረስ እቆያለሁ፤ የተቀቀለ ድንች ከድስት በጣቴ አወጣለሁ። በመጨረሻ የከተማችን ፍልውሃ ትዝ አለኝ። አምቦ ያደገ ልጅ ሳይሞክረው የማይቀር መድኃኒት ነውና፣ ሪህ ካዳነ፣ ቁስል ካደረቀ፣ እጅ ማደንደን እንዴት ያቅተዋል አልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ትርፉ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ዳር ቁጭ እያልኩ መዳፌን እዘፈዝፍ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች ምን ሆና ነው ይላሉ። እጄ ከመደንደን ይልቅ እንደ ሕፃን እጅ ለሰለሰ። እናቴ ልብስ ላጥብ ስላት ጣቶቼን አይታ "አንቺ የማን እመቤት ነሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

በየበዓሉ ዋዜማ ኩሽናው ውስጥ አልገባም ብዬ አኮረፍኩ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ብቻ እከታተላለሁ። የአዳዳ ድምፅ ይሰማኛል፦ "ኮቱ... ዴሚ... ኮቱ..."። ነይ፣ ሂጂ፣ ነይ ማለት ነው። ልክ እንደ እሹሩሩ ታዜመው ነበር። ከእኔ ጋር ሲሆን እኮ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ለእሷ ዜማ አወጣችላት ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በዚያ ላይ ደግሞ እየተዜመላት። ማታ ማታ አልጋ ውስጥ ጀርባዬን እሰጣት ነበር።

ፋሲካ ዋዜማ ላይ ግን አዳዳ መቀሱን ቤት ረስታው ኖሮ "ሌንሴ፣ መቀስ!" ብላ ጮኸች። ኩርፊያ ለመቀስ አይሆንም፤ ወስጄ ገባሁ። እንደገባሁም በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲፈን ጫፉን ይዛ አንገቷን ደፍታለች። ዓይኗ የራሷ እግር ጣቶች ላይ ነው። አዳዳ ደግሞ በልማዷ ዓይኗን ወደ ፊት አድርጋ የልጅቷን የተጎነጎነ ፀጉር ታያለች። ለካ ዜማው ዜማ አልነበረም። ልጅቷ ስለማታያት በአፏ ስትመራት ኖራለች። አዳዳ መቀሱን ስትቀበለኝ ዓይናችን ተጋጨ፤ ከእኔ ላይ ሳትነቅለው ትንሽ ቆየች። ከዚያ "ኮቱ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዓሉ አልፎ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ጠየቅኳት። ለወራት ካኮረፍኳት በኋላ በራሴ ፈቃድ ያናገርኳት ያን ዕለት ይመስለኛል።

"ለምንድነው አዳዳን የማታያት?"

ደነገጠች። "የትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ?" አለች፤ አማርኛው ሲያጥራት ወደ ኦሮምኛው እየሄደች። "ሰፉ ነው እኮ። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።" ሰፉ ማለት ነውር ነው፣ ከዚያም ከበድ ይላል። እሷ ባደገችበት ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ይሰበራል እንጂ አይቀናም። ትንሽ ሄደን ሄደን ደግሞ ድንጋይ በእግሯ እየመታች፣ "እሳቸው ግን ሁልጊዜ፣ ሌንሴ ብትሆን ታየኝ ነበር ይላሉ" አለች። "ሁልጊዜ። አንቺ ምን አለብሽ።"

እኔ "እሷ" የምላትን ሴት "እሳቸው" ስትል ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ያለውንም ነገር አወቅኩት፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ሲፈን ቀንታብኛለች። ደስ አለኝ። ጠላ ቤት ደርሰን እስክናልፍ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሌላ ቅናት መጣብኝ። ጫፉ እጇ ላይ ነው፣ አዳዳ ፊቷ ቆማለች፣ ቀና ብትል የሚታይ ዓይን አለ፤ እሷ ደግሞ መሬት ታያለች። እኔ ያጣሁትን ነገር ማንም አላነሳውም፤ ወድቆ ነው የቀረው። የተነጠቀ ዕቃ ሌላው ቢጠቀምበት እንኳ አንድ ነገር ነው። ሁለታችንም ሳንጠቀምበት በዓል እየመጣ በዓል እየሄደ አደግን።

አሁን ጌዶ አስተማሪ ነኝ፤ እንደ እናቴ። ሲፈን አምቦ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ጨርሳ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች፤ የምትኖረው ከአዳዳ ጋር ነው፣ በዚያችው ጓሮ ባለችው ቤት። አዳዳ ስኳር በሽታ ይዟት ዓይኗን ወስዶባታል። "ዕድሜዬን ሙሉ ስጎትተው ኖሬ በመጨረሻ እሱ ጎተተኝ" ትላለች፤ እኛ ስንስቅ እሷም ትስቃለች። ራሷ አንዲት ፍሬ አትቀምስም። ከረሜላውን ግን አልተወችም፤ ሲፈን ከሰሉን ታያይዛለች፣ እሷ ጠብታውን በጥርሷ ቀጭ አድርጋ እየተፋች መድረሱን ታውቃለች።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ከጌዶ ስገባ ሲፈን ሎሚ ስትጨምቅ አገኘኋት። ዛሬ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል፤ እሱም አንድ የምቀናበት ነገር ነው። ስለ አዳዳ ዓይን ጠየቅኳት። ሐኪም ያለውን ነገረችኝና ሌላ ሎሚ አንስታ፣ "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ" አለች። "አሁን አያቸዋለሁ። ቁርስ ሲበሉ፣ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጠግቤ ነው የማያቸው። ስለማያዩኝ አላፍርም።" ሎሚውን ጨመቀችው። "ዓይናቸው ቡኒ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

እኔ አውቅ ነበር። ቡኒ ነው፤ በግራው ውስጥ ጠቃጠቆ የመሰለች ነጥብ አለችበት። ይኼን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ሲፈን ስለ ነጥቧ ታውቅ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። ታውቃለች ብትለኝስ?

ስኳሩ ደረሰ። ሲፈን ትሪው ላይ ገልብጣ እጇን ቅቤ መቀባት ስትጀምር "ዛሬ እኔ ልያዝ" አልኳት። አየችኝ። ቅቤውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋልኝ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ያኔ ከረሜላውን ስንስብ አዳዳ ቁልቁል ታየኝ ነበር፤ አሁን እሷ አጥራለች፣ እኔ ረዝሜያለሁ፣ ቁልቁል የማየው እኔ ነኝ። ኩሽናው ያው ነው። ሽታው ያው ነው። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ሌሎች ናቸው፤ አንደኛዋ ስልክ ይዛ ትቀርጸናለች።

"ማነው የያዘው?" አለች አዳዳ።

"እኔ ነኝ አዳዳ።"

"ሌንሴ።" ከረሜላውን ሳትስብ ቆየች። "እያየሽኝ ነው?"

"እያየሁሽ ነው።"

"እንግዲያ ነይ" አለች።

ተጠጋሁ። አጠፍን፣ ሳብን፣ እንደገና አጠፍን። በአፏ አልመራችኝም፤ በእጇ ክብደት ብቻ ነይና ሂጂውን ነገረችኝ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ አልፎ በሩ ላይ ያርፍ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ሲፈን በሩን ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ ያን የማያይ ቡኒ ዓይን ፊት ለፊት ታየዋለች።

መዳፌን እያቃጠለኝ ነበር። አዳዳ እንደዚያ የገና ዋዜማ ዘንድሮም ቸኩላለች። አለቀቅኩም። ጫፉን አጥብቄ እንደያዝኩ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩና ሲፈንን ጋርጄ የአዳዳ ዓይን ፊት ቆምኩ።

"ወዴት ነው የምትሄጂው?" አለች አዳዳ፤ ከረሜላው መጠምዘዙ እጇ ላይ ተሰምቷት።

"የትም" አልኳት። "ቦታዬን እየያዝኩ ነው።"